በፊትና በኋላ

«ይቺ ፎቶዋ በሩ ላይ የተለጠፈው የማን ልጅ ናት?» ብላ ጠየቀቻት አንዷ፣ ልጄም ዓይኗን ሳታሽ «አንዲት ደንበኛዬ ናት» ብላ መለሰችላት። የገዛ ልጇን ነው። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ የደረቀ ፎጣ እያጠፍኩ ነበር፤ ልጅቷም አጠገቤ አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ሁለታችንም በደንብ ሰማን፤ ጠያቂዋ ጭንቅላቷን ካስክ ውስጥ ከትታ ስለነበር ማሽኑ ጆሮዋ ላይ እየጮኸባት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የምታወራው፣ ልጄም እንዲሰማት ብላ ጮክ ብላ ነው የካደችው። ሴትዮዋ «ምስኪን፣ ምን ነክቷት ነው እንዲህ የሆነችው» አለች። ልጄ ሳቅ ብላ «እሷማ በፊት ናት፤ በኋላዋን ዛሬ ከሰዓት ታያታለሽ» አለቻት። ስም ያላት ልጅ ስሟ ቀርቶ በፊት ተባለች።

ቤታችን እንዲህ ነው። የፊተኛው ክፍል የልጄ ጸጉር ቤት ነው፤ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳውን የሞላ መስታወት፣ አንድ ካስክ፣ ውኃው ተለምኖ ተለምኖ የሚወርድ የጸጉር ማጠቢያ። ከመጋረጃው በስተኋላ እኛ ሦስት ሴቶች የምንተኛበትም የምንበላበትም ጠባብ ክፍል አለ፤ የተቃጠለ ጸጉር ሽታ ትራሳችን ውስጥ ገብቶ ስለከረመ ሳሙናም አያስለቅቀውም። ከዚያ ክፍል ወደ ጓሮ የምታወጣ የቆርቆሮ በር አለች። ጓሮው የማጠቢያው ፍሳሽ የሚወርድበት ነው፤ የሰው ሁሉ ጸጉር ከአረፋ ጋር ተጠቅልሎ የሞተ አይጥ መስሎ ቦዩ አፍ ላይ ይተኛል። እሱን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ፎጣውን የማጥበውም፣ ወለሉን የምጠርገውም እኔ ነኝ። ሥራ አያስጠላኝም። የሚያስጠላኝ ሌላ ነገር ነው፣ እደርስበታለሁ።

ወደዚህ ሰፈር ከመጣን ገና ነው፤ ሰው አያውቀንም። ልጄ ጸጉር ብቻውን አያዋጣም ብላ ፊት ማጽዳት ልትጀምር ተነሳች። ለዚሁ ብላ የልጇን ፊት በስልኳ አፍንጫዋ ሥር ገብታ አነሳችው። ልጅቷን እንኮዬ ነው የምላት፣ ለእናቷ አንድ ስለሆነች። እንኮዬ ለቤት መስሏት ዝም ብላ ተነሳች። እናቷ ግን ፎቶ ቤት ወስዳ ትሪ በሚያክል ወረቀት አሳትማ መጥታ የመንገዱ በር መስታወት ላይ ለጠፈችው። እያንዳንዱ ብጉር የአተር ፍሬ አክሎ፣ ጫፉ ላይ የቋጠረው መግል እያብለጨለጨ። ሥሩ «በፊት» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ ያንኑ የሚያክል ባዶ ነጭ ወረቀት አለ፤ እሱ ሥር ደግሞ «በኋላ» ተብሏል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም፤ እነዚህን ሁለቱን ግን አስነብቤ መልካቸውን ይዣቸዋለሁ።

እንኮዬ ያየችው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው፤ አብረዋት የሚመጡት ልጆች ቀድመዋት አይተውታል። ገብታ አልጋው ላይ በፊቷ ተደፋች፤ እናቷ ግን ትራሱ ቅባት ይነካዋል፣ ቅባት ብጉር ያባብሳል ብላ አስነሳቻት። ልጅቷ አውርጂልኝ ብላ ለመነች። እናቷ «በኋላው ሲለጠፍ በፊቱ ይወርዳል፤ ፊትሽን አጥሪና ይወርድልሻል» አለቻት፣ ልክ ብጉሩ ልጅቷ በስንፍና ሳታጥበው ያሳደረችው ሰሃን ይመስል። እስከዚያ ድረስ ደንበኛ ሲኖር በጓሮ በር ውጪ፣ በጓሮ በር ግቢ ተባለች፤ የጸጉር ሠሪዋ ልጅ ራሷ እንዲህ ናት ከተባለ ማን ፊቱን ይሰጠኛል ነው ነገሩ። እኔ በፊት ከሌለ በኋላ ከምኑ ጋር ሊተያይ ነው፣ ውሸቷን ነው አልኩ። እንኮዬም ውሸቱ ሳይገባት አልቀረም። ግን ሰው የሚፈልገውን ነገር ቃል ሲገቡለት አይመረምርም፤ ያ ወረቀት እንዲወርድላት ብቻ ፊቷን ለእናቷ ሰጠች።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ስነግራችሁ ምግብ ላይ ያላችሁ ቆይታችሁ ስሙኝ። ያ ፎቶ ካስክ ሥር የተቀመጠችውን ሴት ሁሉ ሐኪም አደረጋት። አንዷ የጥርስ ሳሙና ቀብታ ትደር ትላለች። አንዷ የእንቁላል ነጩን ትላለች። አንዷ ሎሚ በስኳር ታሸው፣ ሌላዋ ሎሚማ ያጠቁራታል፣ ጥሬ ድንች ነው እንጂ ትላለች። ባንክ ትሠራለች የተባለች፣ ጥፍሯ ብቻ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሴትዮ፣ የራሷን የጠዋት ሽንት በጥጥ አድርጋ ትጥረግበት አለች፤ የምታወራው ብስኩት እየበላች ነው። ልጄ ለሁሉም «እነግራታለሁ» ትላለች፣ ለዚያች ለሌለችው ደንበኛ። ማታ ሱቁን ዘግታ መጋረጃውን ገልጣ ትገባና ቀን የሰማችውን ሁሉ ልጇ ላይ ትሞክራለች። ሽንቱን ብቻ እኔ ነኝ ያስቀረሁት፤ መጀመሪያ አንቺ ላይ እንየው ስላት ተወችው። የእንቁላሉ ነጭ ሲደርቅ ፊቷን ጨምድዶ ይይዛትና ልጅቷ አፏን ከፍታ መብላት አትችልም፤ ትራሱ ላይ እየተቀረፈ ይረግፋል፣ ክፍሉ በማግስቱ የእርጥብ ዶሮ ሽታ ይሸታል።

ይሄ ሁሉ ከጥፍሯ አይብስም። ልጄ ቀኑን ሙሉ የሰው ፎረፎር የምትፎክትበትን ጥፍር ልብሷ ላይ ጠረግ አድርጋ፣ የልጇን አገጭ ወደ አምፖሉ ቀና ታደርግና ታፈርጣለች። «ይሄኛው በስሏል» ትላለች፣ ፍሬ እንደምትለቅም። ሲፈርጥ ድምፁ ይሰማኛል፤ ተፈናጥሮ መስታወቱ ላይ ያረፈውን ጠዋት የምወለውለው እኔ ነኝ። የፈረጠው በማግስቱ አብጦ፣ ጎረቤቱን አስነስቶ ይጠብቃታል። ተዪ፣ አትነካኪው ስል «እማ፣ አንቺ ብጉር ወጥቶብሽ አያውቅም፣ ምን ታውቂያለሽ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ አልወጣብኝም፤ ቢወጣብኝ ግን እናቴ በር ላይ አትለጥፈኝም ነበር።

በመጨረሻ «በኋላ»ን የሚያነሳ ፎቶ አንሺ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲመጣ ተቀጠረ፤ ፊቱ ግን ከቀን ወደ ቀን እየባሰ ሄደ፤ ልጄ ተጨነቀች። መድኃኒት ቤት ሄዳ ሁለት ነገር ይዛ መጣች፤ አንድ ሰማያዊ ክዳን ያለው፣ አንድ ነጭ። የእንኮዬ ብጉር ጀርባዋንም ይዟታልና ለሻጯ ፊትም ጀርባም ብዬ ነግሬያታለሁ አለች። መድኃኒት ሻጯም ሰማያዊውን ይዛ «ይሄኛው በፊት»፣ ነጩን ይዛ «ይሄኛው በኋላ» ብላ ሰጠቻት። ነገሩ ግልጽ ነው ተባለና ሰማያዊውን ፊቷን፣ ነጩን ከኋላ ጀርባዋን ተቀባች። ሰማያዊው አረፋ አረፋ ይላል። ልጅቷ ያቃጥላል አለች። የሚሠራ ነገር ያቃጥላል ተባለች። እንዲሁ ተቀብታ አደረች፣ በማግስቱም ተደገመላት፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ እናቷ ሱቁን ከመክፈቷ በፊት አንድ ንብርብር ጨምራባት ወጣች፤ እስከ ከሰዓት ይረግባል ብላ።

እንግዲህ ያንን «ደንበኛዬ ናት»ን የሰማነው እንደዚያ ተቀብታ ተቀምጣ ሳለች ነው። ዞር ብዬ አየኋት። አላለቀሰችም፤ እንባው ፊቷ ላይ ሲወርድ ስለሚያቃጥላት ዓይኗን ወደ ላይ አድርጋ ጣሪያውን ታያለች፣ እንዳይወርድ። አገጯን ይዤ ወደ ጓሮው በር ብርሃን አዞርኳት። ቀይ ነው ብል አይገልጸውም። ጉንጯ አብጦ ያብረቀርቃል፣ አፍንጫዋ ዙሪያ ቆዳው እንደ ረጠበ ወረቀት ተልጦ ተንጠልጥሏል፣ የፈረጡት ቦታዎች ቢጫ ውኃ እያዠቱ ነው። ተነሽ አልኳት። ሁለቱን ነገሮች ጡቴ ሥር ወሸቅኳቸው፣ ፊቷን በነጠላ ጨርቅ ሸፈን አደረግኩላት፣ በጓሮ በር፣ በዚያ በጸጉሩ ቦይ ላይ ተራምደን ወጣን። ልጄን አላስፈቀድኩም። የወለድኩትን ሰው ፈቃድ አልጠይቅም።

መድኃኒት ቤቱ ጠበብ ያለ፣ ንጹሕ፣ የመጋዘን ቅዝቃዜ ያለው ነው። ሳል ይዞት የሚጠብቅ አንድ ጎልማሳ ነበር፤ እንኮዬ ጨርቁን ስታነሳ አንድ እርምጃ ሸሸ። ብጉር በሳል አይተላለፍም፣ ሳልህ ግን ይተላለፋል፣ አፍህን ሸፍን አልኩት። ሻጯ ወጣት ናት፤ የልጅቷን ፊት ስታይ የያዘችውን መቀስ አስቀመጠች።

«እናቴ፣ ምን ቀብታችኋት ነው?»

«አንቺ የሸጥሽውን» አልኳትና ሁለቱንም ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩላት።

ሰማያዊውን አንስታ፣ ይሄ እኮ መታጠቢያ ነው፣ ፊት ላይ አይቆይም አለች። አንቺ ነሻ «ይሄኛው በፊት፣ ይሄኛው በኋላ» ያልሻት አልኩ። አዎ፣ እንደዚያ ብያታለሁ አለች። እንግዲያውስ እንዳልሽው በፊቷ ላይ አደረ፣ ሌላውም በኋላዋ፣ ጀርባዋ ላይ አልኳት። ሳል የያዘው ሰውዬ ሳቁ አመለጠው፤ ገልመጥ ሳደርገው ሳቁን በሳል ቀየረው። ሻጯ ቀስ ብላ፣ በፊት ማለቴ ከቅባቱ በፊት ነው፤ ትንሽ አረፋ አድርጋ ታጥባበት ወዲያው በብዙ ውኃ የምትለቀልቀው። በኋላ ማለቴ ከታጠበች በኋላ፤ ያንን ነጩን፣ የሚያለሰልሰውን ነው ፊቷን የምትቀባው አለችኝ። ስለዚህ የሚልጠው ፊቷ ላይ ሦስት ጊዜ ደርቆ ቀረ፣ የሚያለሰልሰው ጀርባዋ ላይ ባከነ።

«መጀመሪያ ብትይ ምን ነበረበት?» አልኳት። «መጀመሪያ ይሄ፣ ቀጥሎ ይሄ። አፍሽ ላይ ይከብድሽ ነበር?»

አንገቷን ደፋች። ከዚያ፣ እውነትም እንደዚያ ማለት ነበረብኝ፣ ግን ልጅቷን አምጪያት፣ ሳላይ አልሰጥም ብያት ነበር፤ የደንበኛ ናት፣ ሩቅ ናት የምትኖረው ስትለኝ ሰጠኋት አለች። ባለችበት ደርቃ የቆመችው እንኮዬ ይሄንንም ሰማች። በአንድ ቀን ሁለት ክህደት ሰማች። ሻጯ አልገባትም፤ ወደ ውስጥ አስገብታ ፊቷን በቀዝቃዛ ውኃ ራሷ አጠበችላት፤ በጣቶቿ ሆድ ነው፣ ጥፍር የሚባል ሳታስነካ፣ ሳትፈትግ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረገች አደረቀችው። ሁሉንም ተዉ አለችን። ሎሚም፣ እንቁላልም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ሰማያዊውም እስኪድን ይቅር። ውኃና ነጩ ብቻ፣ ፀሐይ እንዳይነካት፣ ውኃ ቢቋጥር ወይም ቢያብጥ በቀጥታ ሐኪም ጋ። ሲሻላት ራሷ ትምጣና ስለ ብጉሩ ያኔ እናወራለን፤ ወር ከወር የሚታከም ነገር ነው፣ ለፎቶ ብሎ የሚጠፋ አይደለም አለች። እንኮዬ ከመጣን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦

«ጠባሳ ይተዋል?»

«ያልተነካካው አይተውም» አለቻት ሻጯ። «የተፈረጠውን ግን አሁን ላይ አላውቅም፣ አልዋሽሽም።»

ስንመለስ ልጅቷ ጨርቁን አልተሸፈነችም። መንገደኛው ያያታል፤ እሷም ታየዋለች። እኔ በልማድ ወደ ጓሮው መተላለፊያ ስታጠፍ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «እማማ፣ በዚህ ነው» አለችና ወደ መንገዱ በር ቀጥ አለች። ተከተልኳት። በሩ ላይ ስትደርስ ትልቁ ፊቷና ትንሹ ፊቷ ለአንድ አፍታ ጎን ለጎን ሆኑ። በሩን ገፋችው።

ውስጥ ያቺ ባንክ የምትሠራው ሴትዮ ጸጉሯ በቢጉዲን ተጠቅልሎ ተቀምጣለች፤ ከጸጉሯ ቀጥሎ የመጀመሪያዋ ፊቷን የምታስጸዳ ደንበኛ ልትሆን ነው የተነጋገሩት። ፎቶ አንሺው መጋረጃው አጠገብ ነጭ አንሶላ ሰቅሎ ካሜራውን ያስተካክላል። ልጄ ማበጠሪያ አፏ ውስጥ ነክሳ የሴትዮዋን ማጅራት ታሻሻለች። በሩ ሲከፈት በመስታወት ውስጥ ነው ያየችን። ማበጠሪያው ከአፏ ወደቀ።

«እማዬ» አለች እንኮዬ።

አንድ ቃል ናት። ሴትዮዋ በመስታወት ልጅቷን አየች፣ ዞራ በሩን አየች፣ እንደገና ልጅቷን አየች። ልጄ ጥርሷን ገጥማ፣ በቀስታ፣ በጓሮ አላልኩሽም፣ ግቢ፣ በኋላ እንነጋገራለን አለቻት። እንኮዬ ባዶው ወንበር ላይ፣ የደንበኛው ላይ፣ ወጥታ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገችና ፊቷን ወደ ፎቶ አንሺው አዞረች።

«በኋላ ይሄ ነው። አንሳኝ።»

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ደረቱ ላይ አውርዶ ወደ ልጄ ተመለከተ፤ ከዚያ መብራት ልጠይቅ፣ ገመድ ላምጣ፣ የማይሰማ ነገር አጉተምትሞ ወጣ። አንሶላውን እንኳ አላወረደም። ካስኩ ባዶውን ይጮሃል፣ ማንም ሊያጠፋው አልተነሳም። ሴትዮዋ ናት የጠየቀችው።

«ልጅሽ ናት?»

ልጄ እጇን ፎጣ ላይ ጠረገች። አንዴ ጠረገች፣ ንጹሕ ሆኖ ሳለ እንደገና ጠረገች። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜ አየኋት፤ ለሦስተኛ ጊዜ ብትክዳት የቤቱን ቁልፍ ጥዬላት ከልጅቷ ጋር እንደምወጣ በልቤ ቆርጬ ነበር። የት እንደምሄድ አላውቅም። ብቻ እሄድ ነበር።

«ልጄ ናት» አለች።

የባንኳ ሴትዮ ሌላ አልጠየቀችም። ቢጉዲኖቹን አንድ በአንድ ራሷ እየፈታች መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች፤ ያ ሽንት ስታዝ ያልተጸየፈ አፍንጫዋ አሁን ተሸበሸበ፤ ፊቱስ ይቅርብኝ አለችና እርጥብ ጸጉሯን በመሐረብ ጠቅልላ በሩን ሳትዘጋ ወጣች። ልጄ ወለሉን ታያለች። እንኮዬ እናቷን ታያለች። እኔ ይቅርታ ልትጠይቃት ነው ብዬ ጠበቅኩ፤ አልጠየቀቻትም። ልጄን አውቃታለሁ፣ ይቅርታ ጉሮሮዋ ላይ እንደ አጥንት ነው የሚቀርባት። ካስኩን አጠፋችና ወደ በሩ ሄደች።

ሌባ እንዳይነቅለው ብላ በማጣበቂያ ነው የለጠፈችው። ከላይ በኩል ጥፍሯን አስገብታ ስትስበው ወረቀቱ ፀረረረ ብሎ ተቀደደ፤ ግንባሩና ዓይኑ እጇ ላይ ቀረ፣ ጉንጩና አገጩ ከነብጉሩ መስታወቱን ሙጭጭ ብሎ ያዘ። ልትልጠው ሞከረች። አልለቀቀም። በሁለት እጇ ያዘችው፣ ጥፍሯን ብጉር ብጉሩ ላይ እየሰካች፣ እየፋቀች፣ እየቧጨረች፣ ትንፋሿ መስታወቱ ላይ ጉም እየሠራ። ያንኑ ማታ ማታ ብጉር ስታፈርጥ የምሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ከጥፍሯ ሥር ነጭ የወረቀት ፍርፋሪ እየተንከባለለ ይወጣል። እንኮዬ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ጉንጯን በመዳፏ ሸፈነች።

ማስጠላትም ልክ አለው፤ ያ ልኩ ነበር። ከማጠቢያው ሥር ባልዲውን ሳብኩ፣ ለብ ያለ ውኃ ቀዳሁ፣ ንጹሕ ጨርቅ ነከርኩ። ሄጄ እጇን ከመስታወቱ ላይ አነሳሁት። ጨርቁን መዳፏ ውስጥ አደረግኩላት።

«ጥፍርሽን አንሺ» አልኳት። «መጀመሪያ ውኃ።»